መብራት ሲጠፋ ድምፅ እንዳይጠፋ

የራዲዮ አማተሮች መሣሪያቸውን ከኤሌክትሮማግኔት ምት የሚጠብቁበት ዘዴ

የዛሬው ዓለም ኑሮ በሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የከተማው ውሃ ወደየቤቱ የሚደርሰው በኤሌክትሪክ በሚሠራ ፓምፕ ነው፤ የባንኩ ሒሳብ የሚቆጠረው በኮምፒዩተር ነው፤ ሐኪም ሐኪምን፣ ወንድምም ወንድሙን የሚጠራው በቴሌፎን ነው። ይህ ሁሉ በደኅና ሲሠራ ሳለ ማንም ልብ አይለውም። የቆመ እንደ ሆነ ግን ሰውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ጨለማው አይደለም። የዘመድ ወዳጅን ወሬ ማጣቱ፣ «ተጎድተናልና ድረሱልን» ብሎ ለመጣራትም አለመቻሉ ነው።

በእንዲህ ያለው የጭንቅ ሰዓት ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚደርሱት የራዲዮ አማተሮች የሚባሉት ሰዎች ናቸው። አማተር ማለት አንድን ሥራ ለደመወዝ ሳይሆን ስለ ወደደው ብቻ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። የራዲዮ አማተሮችም በየመንግሥታቸው ተፈትነው፣ ፈቃድና መጠሪያ ምልክት ተቀብለው፣ በቤታቸው ባቆሙት አነስተኛ ጣቢያ ከአገር ወደ አገር ይነጋገራሉ። ከመካከላቸው መምህር አለ፣ ሐኪም አለ፣ ገበሬ አለ፣ ጡረታ የወጣ ወታደርም አለ። በአንዱና በሌላው ጣቢያ መካከል ያለው አየር ብቻ ስለ ሆነ፣ የቴሌፎን ምሰሶ ቢወድቅ የእነርሱ ንግግር አይቋረጥም።

ለዚህም ምስክሩ ብዙ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. (በ2004 እ.ኤ.አ.) በሕንድ ውቅያኖስ የተነሣው ታላቅ ማዕበል የአንዳማን ደሴቶችን በመታ ጊዜ፣ ከሕንድ ዋና ምድር የሄዱ አማተሮች ለራሳቸው የራዲዮ ጨዋታ በፖርት ብሌር ከተማ ጣቢያ አቁመው ነበር። ወዲያውኑ ጨዋታውን ትተው፣ ከሞት የተረፉትን ሰዎች መልእክት ወደየቤተ ሰባቸው ማስተላለፍ ጀመሩ። እንዲሁም መስከረም 10 ቀን 2010 ዓ.ም. (በ2017 እ.ኤ.አ.) ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ የፖርቶ ሪኮን ደሴት መብራትና ቴሌፎን በጠቅላላ ባጠፋ ጊዜ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል 50 የራዲዮ አማተሮች እንዲላኩለት የአገሩን የአማተሮች ማኅበር ጠይቋል።

እነዚህ ግን የነፋስና የውሃ አደጋዎች ናቸው። ነፋስ ምሰሶ ይጥላል፣ ውሃ ሽቦ ይበጥሳል እንጂ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን ራዲዮ ለይተው አይመቱም። ምሰሶውን ሳይነቅል፣ ቤቱንም ሳያፈርስ፣ የራዲዮውን ልብ ብቻ ለይቶ የሚመታ አደጋ ቢመጣስ? ሌላው ሁሉ ሲዘጋ ይጠራል ተብሎ የተጠበቀው ድምፅ ራሱ ከተዘጋ፣ ማን ይጣራል? የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው ይህንን ነው።

የሆኖሉሉ ሌሊት

ሐምሌ 1 ቀን 1954 ዓ.ም. (በ1962 እ.ኤ.አ.) በሐዋይ ደሴቶች ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ፣ አሜሪካኖች በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ከምትገኘው ከጆንስተን ደሴት አንድ የኑክሌር ቦምብ በሮኬት ወደ ሰማይ ላኩ። ቦምቡ የፈነዳው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲሆን፣ ኃይሉ 1.4 ሜጋቶን ነበር። «ስታርፊሽ ፕራይም» የሚል ስም የተሰጠው ይህ ሙከራ አስቀድሞ ታውቆ ስለ ነበር፣ በሆኖሉሉ ከተማ ብዙ ሰዎች ብርሃኑን ለማየት በሆቴሎች ሰገነት ላይ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር።

ሰማዩም እንደ ተጠበቀው በልዩ ልዩ ቀለም በራ። ያልተጠበቀው ነገር ግን በምድር ላይ ሆነ። ፍንዳታው ከሆኖሉሉ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ፣ በዚያው ቅጽበት 300 የሚሆኑ የመንገድ መብራቶች ጠፉ፤ የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወሎች ያለ ሌባ ጮኹ፤ የደሴቶቹ የቴሌፎን መገናኛ መሣሪያም ተበላሸ። ድምፅ አልተሰማም፤ ነፋስም አልነፈሰም። በሰውም ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። የተመታው ሽቦና ከሽቦ ጋር የተያያዘው መሣሪያ ብቻ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ሶቪየቶችም በበኩላቸው 300 ኪሎ ቶን ኃይል ያለውን ቦምብ በካዛክስታን ምድር ላይ፣ በ290 ኪሎ ሜትር ከፍታ አፈነዱ። በዚያም 570 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የቴሌፎን መስመር ፊውዞቹና መከላከያዎቹ ተቃጠሉ። ከመሬት በታች የተቀበረና 1,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን የኤሌክትሪክ ገመድም ሥራውን አቆመ። ከዚያም ዓመት ሳይሞላ በአየር፣ በጠፈርና በውሃ ውስጥ የኑክሌር ሙከራ እንዳይደረግ የሚከለክል ውል በሞስኮ ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በጠፈር ላይ አልተደገመም፤ ነገር ግን ቦምቦቹ በየመንግሥታቱ እጅ ስላሉ ሥጋቱ አብሮ አልቀረም።

ምቱ ከየት ይመጣል

ይህ ነገር የኤሌክትሮማግኔት ምት ይባላል። ምት መባሉም እንደ በትር አንድ ጊዜ መትቶ የሚያልፍ በመሆኑ ነው። አመጣጡ እንደሚከተለው ነው። በከፍታ የፈነዳ የኑክሌር ቦምብ ጋማ የሚባለውን ጨረር ወደ ምድር ይልካል። ጨረሩ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር ሲጋጭ ኤሌክትሮኖችን ከአየሩ እየነቀለ ያስፈነጥራል። እነዚህም ኤሌክትሮኖች በምድር የማግኔት ኃይል ተይዘው ሲታጠፉ፣ ልክ እንደ አንድ ታላቅ የራዲዮ ማሰራጫ አንድ ብርቱ ሞገድ ይወልዳሉ። ቦምቡ በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የፈነዳ እንደ ሆነ፣ ከሥሩ በየአቅጣጫው እስከ 2,200 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ምድር ሁሉ በዓይኑ ሥር ነው።

ሊቃውንት ምቱን በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ክፍል እጅግ ፈጣን ነው፤ በጥቂት የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ ተነሥቶ ከአንድ ሴኮንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ያልፋል። መሐንዲሶች መከላከያ ሲሠሩ ኃይሉን በአንድ ሜትር 50,000 ቮልት አድርገው ይገምቱታል። ትራንዚስተርን የሚገድለው ይህ ነው። ሁለተኛው ክፍል መብረቅ በአካባቢው ሲወድቅ ከሚሆነው ጋር ይመሳሰላል። ሦስተኛው ቀርፋፋ ነው፤ ከሴኮንዶች እስከ ደቂቃዎች ይቆያል። እርሱም ትንሹን ራዲዮ አይነካም፤ የሚጎዳው በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረውን የኤሌክትሪክ መስመርና በጫፉ ያለውን ትራንስፎርመር ነው። ስለዚህ ራዲዮው ቢተርፍ እንኳ የግድግዳው መብራት ላይተርፍ ይችላል ማለት ነው።

ፀሐይም አንዳንድ ጊዜ ይህን ሦስተኛውን ዓይነት ጉዳት ታመጣለች። በ1851 ዓ.ም. (በ1859 እ.ኤ.አ.) ነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ ከፀሐይ የተነሣ ማዕበል ምድርን በመታ ጊዜ፣ በአሜሪካ በቦስተንና በፖርትላንድ መካከል የነበሩ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ባትሪያቸውን ፈትተው፣ ከሰማይ በመጣው ኤሌክትሪክ ብቻ ለሁለት ሰዓት ያህል መልእክት ተለዋውጠዋል። መጋቢት 4 ቀን 1981 ዓ.ም. (በ1989 እ.ኤ.አ.) ደግሞ የካናዳ ክፍል የሆነችው የኩቤክ የኤሌክትሪክ መረብ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ወድቆ፣ 6 ሚሊዮን ሕዝብ ለ9 ሰዓት ያህል በጨለማ ቆይቷል። ልዩነቱን ግን ልብ ማለት ይገባል። የፀሐይ ማዕበል ወደ ምድር ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ስለሚፈጅበት ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ በእጅ ያለውን ትንሽ መሣሪያም አያቃጥልም። የቦምቡ ምት ግን ማስጠንቀቂያ የለውም። መጣ ሲሉት አልፏል።

በሩን የሚከፍተው ሽቦ ነው

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «እንግዲያስ በዓለም ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ነክ ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞታል» ይላሉ። ይህ ከእውነት ያለፈ ፍርሃት ነው። በሆኖሉሉም ቢሆን የጠፉት መብራቶች ከደሴቲቱ መብራቶች ጥቂቶቹ ነበሩ። ምቱ ጉዳት የሚያደርሰው የሚሰበስብለት ነገር ሲያገኝ ነው፤ የሚሰበስብለትም ሽቦ ነው። ሽቦው ረዘም ባለ መጠን የሚሰበስበው ኃይል ይበዛል፤ በጫፉ ያለው መሣሪያም ያንን ሁሉ ይቀበላል። በኪስ የሚያዝ፣ አንቴናው ከስንዝር የማይበልጥ ራዲዮ የሚሰበስበው ጥቂት ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠው የአማተር መሣሪያ ግን በአንድ በኩል ከመብራት መስመር ጋር፣ በሌላ በኩል ደግሞ 20 ወይም 40 ሜትር ከሚረዝም አንቴና ጋር ተያይዟል። አንቴና ማለት ሞገድን ከአየር ለቅሞ ወደ ራዲዮ ለማስገባት ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ስለዚህ ወዳጅን የሚያስገባው በር ጠላትንም ያስገባል።

ሌላው ምክንያት በመሣሪያው ውስጥ ያለው ነው። ጥንት ራዲዮ ይሠራ የነበረው በመስታወት ቫልቭ ነበር። ቫልቭ ብዙ ቮልት ይችላል፤ ለቅጽበት ቢመታም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሠራል። ጳጉሜን 1 ቀን 1968 ዓ.ም. (በ1976 እ.ኤ.አ.) አንድ የሶቪየት አብራሪ ሚግ 25 የተባለውን የጦር አውሮፕላን ይዞ ወደ ጃፓን በኮበለለ ጊዜ፣ የምዕራብ መሐንዲሶች አውሮፕላኑን ቢፈቱት በራዲዮና በራዳር ክፍሎቹ ውስጥ ቫልቭ አግኝተው ተደነቁ። ኋላ ቀርነት ነው ያሉ ነበሩ፤ ምትን ይችላልና ጥበብ ነው ያሉም ነበሩ። ዛሬ ግን ከጥፍር ባነሰች ስፍራ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች ተደርድረዋል። ክፍሎቹ ባነሱ መጠን የሚገድላቸውም ኃይል ያንሳል።

ይህ ነገር ያሳሰበው የአሜሪካ መንግሥት የመገናኛ መሥሪያ ቤት፣ አማተሮች በክፉ ቀን የሚፈለጉ ሰዎች ናቸውና መሣሪያቸው በርካሽ ዋጋ ሊጠበቅ ይችል እንደ ሆነ አስመረመረ። ውጤቱንም ዴኒስ ቦድሰን የተባሉ መሐንዲስ የአማተሮች ማኅበር በሚያሳትመው መጽሔት ላይ ከነሐሴ 1978 እስከ ኅዳር 1979 ዓ.ም. (በ1986 እ.ኤ.አ.) በአራት ተከታታይ ክፍል አወጡት። የምርመራው ፍሬ ነገር ተስፋ የሚሰጥ ነው። በገበያ የሚሸጡ መከላከያዎች በሥፍራቸው ከገቡ፣ የአማተር ጣቢያን ከመብረቅም ከምትም በብዙ ሊያድኑት ይችላሉ።

አንደኛው ዘዴ፦ መንቀል

ከሁሉ የሚቀድመው ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። ከራዲዮው ላይ ሥራ ጨርሶ የሚነሣ ሰው የአንቴናውን ገመድ ይፍታ፤ ስፒናውን ከግድግዳ ይንቀል፤ ከኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘውንም ገመድ ያላቅቅ። የተፈታው የአንቴና ገመድ ከመሣሪያው ጎን ተጠቅልሎ መቀመጥ የለበትም፤ ምቱ ከገመዱ ጫፍ ወደ ራዲዮው ሊዘል ይችላልና። ከመስኮት ውጭ ማውጣቱ ይመረጣል። የመሬት ሽቦ ካለ የገመዱን ጫፍ ከእርሱ ጋር ማያያዝ ደግሞ የበለጠ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ምቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚመጣ፣ ሰምቼ እነቅላለሁ ማለት አይቻልም። ሁልጊዜ የተነቀለ ራዲዮ ደኅና ነው፤ ነገር ግን ጆሮ የለውም፤ የሚጣራውን ሰው አይሰማም። ሁልጊዜ የተሰካ ራዲዮ ይሰማል፤ ነገር ግን ከሚመታው ጋር አብሮ ይሞታል። ለአደጋ ጊዜ የሚዘጋጅ አማተር ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይችልም። ስለዚህ በዚህ ነገር ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፤ ሁለት መሣሪያ ይኑርህ። አንዱ ዘብ ቆሞ ያዳምጥ፤ ሌላው በብረት ሣጥን ውስጥ ይተኛ። ዘበኛው ቢወድቅ የተኛው ይነሣል።

ሁለተኛው ዘዴ፦ የብረት ሣጥን

የዚህ ሣጥን አባት ስመ ጥሩው የእንግሊዝ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ነው። በ1828 ዓ.ም. (በ1836 እ.ኤ.አ.) ፋራዴይ ጎኑ ከሦስት ሜትር ተኩል የሚበልጥ አንድ ክፍል ሠርቶ፣ ዙሪያውን በሽቦና በቀጭን ብረት ሸፍኖ፣ ከውጭ ብርቱ ኤሌክትሪክ እንዲለቀቅበት አደረገ። እርሱ ራሱ መለኪያ ይዞ ውስጡ ገብቶ ቢፈትን፣ ከውጭ ብልጭታ እየተንጣጣ ሳለ በውስጥ ምንም አላገኘም። ኤሌክትሪኩ በብረቱ ቆዳ ላይ ይፈስሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

በቤት ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዕቃ አይጠፋም። በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለው ትልቅ የቆርቆሮ ጣሳ፣ የብረት በርሜል ወይም የጥይት ሣጥን ይበቃል። ሲዘጋጅ ግን ሊታለፉ የማይገባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ ደረጃ ክዳኑ ከአካሉ ጋር ዙሪያውን ብረት ለብረት መነካካት አለበት። በመካከሉ ቀለም ወይም የጎማ ማሸጊያ ካለ ቀለሙ ይፋቅ፤ ጎማውም ይውጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ሞገድን የሚያስገባው የስንጥቁ ስፋት ሳይሆን ርዝመቱ መሆኑ ነው። እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ጥቂት ክብ ቀዳዳዎች ብዙ አይጎዱም፤ ወረቀት የማያስገባ ቀጭን፣ ነገር ግን ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ግን ራሱ እንደ አንቴና ይሆናል። ይህንንም በአሉሚኒየም የማጣበቂያ ጥቅል ዙሪያውን መድፈን ይቻላል፤ ማጣበቂያው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው ብረቱን መንካት የለበትም። የሣጥኑ ውስጥ ሁሉ፣ ክዳኑም ጭምር፣ በደረቅ ካርቶን ወይም በስስ ጣውላ ይለበድ። ሦስተኛ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ምንም ዓይነት ሽቦ አይኑር። አንድ ቀጭን የባትሪ መሙያ ሽቦ በቀዳዳ ቢገባ የሣጥኑ ሥራ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አራተኛ፣ ሣጥኑን በሽቦ ከመሬት ጋር ማያያዝ አያስፈልግም። ሣጥኑ ያለ እርሱም ይሠራል፤ ረጅም የመሬት ሽቦ ቢታሰርበት ሽቦው ራሱ ምት ሊሰበስብ ይችላል።

ሥራው መልካም መሆኑን ለመመርመር ቀላል መንገድ አለ። አንዲት ትንሽ የባትሪ ራዲዮ በኤፍ ኤም ሞገድ በአካባቢው በጉልህ በሚሰማ ጣቢያ ላይ ከፍቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሣጥኑ ውስጥ ማስገባትና መክደን ነው። ሙዚቃው ጠፍቶ ሹሹታ ብቻ ከቀረ መልካም ምልክት ነው፤ ጣቢያው እንደ ቀድሞው የሚሰማ ከሆነ ግን ስንጥቅ አለ። ይህ ሙከራ ፍጹም ማረጋገጫ ባይሆንም መጥፎውን ሣጥን ለይቶ ያሳያል። የአሜሪካ ጦር ለታላላቅ የመገናኛ ጣቢያዎቹ ያወጣው ደንብ የምቱን ኃይል 10,000 ጊዜ የሚቀንስ ግድግዳ ይጠይቃል። የቤት ጣሳ እዚያ አይደርስም። ነገር ግን 100 ጊዜ እንኳ ቢቀንስ በሜትር 50,000 የነበረው ቮልት 500 ይሆናል። ሽቦው ሁሉ ተነቅሎ ለተኛ ትንሽ መሣሪያ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ልዩነት ሊሆን ይችላል። ጣሳውን በሌላ ጣሳ ውስጥ መክተት ደግሞ መከላከያውን ይጨምራል።

ሦስተኛው ዘዴ፦ ዘብ የቆመውን መርዳት

ተሰክቶ የሚያዳምጠው መሣሪያም ቢሆን ያለ ጋሻ መተው የለበትም። የአንቴናው ገመድ ወደ ቤት በሚገባበት ስፍራ ላይ የጋዝ ቱቦ ያለበት መከላከያ ይገባል። ይህ ትንሽ ቱቦ በተራ ጊዜ እንደሌለ ነው፤ ቮልቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን በውስጡ ያለው ጋዝ ነድዶ ኃይሉን ወደ መሬት ያፈስሰዋል። ቱቦው የሚመረጠው በማሰራጫው ጉልበት ልክ ነው። 100 ዋት የሚያሰራጭ መሣሪያ በ50 ኦም ገመድ ላይ ጫፉ 100 ቮልት ይደርሳልና፣ ቱቦው የባለቤቱን የራሱን ድምፅ ምት ነው ብሎ እንዳይውጠው ከዚያ በቂ ከፍታ ያለው መሆን አለበት። በጣም ከፍ ያለም ሲሆን ጠላቱ ካለፈ በኋላ የሚነቃ ዘበኛ ይሆናል።

ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ አጭር፣ ቀጥ ያለና ሰፊ ይሁን። ለቀርፋፋው የቤት ኤሌክትሪክ እንደ ምንም የሆነ አንድ ሜትር ሽቦ፣ ለፈጣኑ ምት እንደ ግድግዳ ይቆምበታል፤ መውረጃ ያጣ ምት ደግሞ ወደ ራዲዮው ይዞራል። የአንቴናው፣ የመብራቱና የቴሌፎኑ መከላከያዎች ሁሉ በአንድ የብረት ሰሌዳ ላይ ተሰብስበው ወደ አንድ መሬት ቢወርዱ መልካም ነው። በየገመዱም ላይ ፌራይት የሚባለውን ጥቁር ቀለበት ማጥለቅ ፈጣኑን ሞገድ ያዳክመዋል። እነዚህ ሁሉ ቢሟሉም ፍጹም መተማመኛ አይደሉም። ከምቱ መጀመሪያ ጥቂቱ የጋዙ ቱቦ ሳይነቃ ያልፋልና። ስለዚህ ነው በሣጥን የተኛው ሁለተኛ መሣሪያ አይቀርም የምንለው።

በሣጥኑ ውስጥ ምን ይቀመጥ

ራዲዮ ብቻውን ቢተርፍ የሚያበላው ከሌለ ከንቱ ነው። የመብራት መስመሩ ለብዙ ቀን ላይመለስ ስለሚችል፣ የራሱ ኃይል ያስፈልገዋል። የ12 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ታጣፊ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና የባትሪ መሙያ መቆጣጠሪያው ይዘጋጁ። ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ የሚጎዳው በኤሌክትሮኒክ የተሞላው መቆጣጠሪያ ስለ ሆነ፣ እርሱ ከራዲዮው ጋር በሣጥኑ ውስጥ ቦታ ይሰጠው። ባትሪው በየጥቂት ወሩ እየወጣ ይሞላ፤ ተረስቶ የሞተ ባትሪ ምት ከመታው አይለይም።

አንቴናን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ተራ ሽቦ ስለ ሆነ ምት አይገድለውም፤ አንድ ጥቅል ሽቦና ጥቂት ገመድ በጎን ይቀመጥ። 5 ዋት ብቻ የሚያወጣ ትንሽ መሣሪያ አየሩ ሲመቸው በሞርስ ምልክት በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚህም ሌላ የጣቢያዎች ዝርዝር፣ የሞገድ ቁጥሮችና የመሣሪያው መመሪያ በወረቀት ተጽፈው ይቀመጡ። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ዝርዝር ኮምፒዩተሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። ከሣጥን የወጣው ራዲዮ ተከፍቶ ምንም ባይሰማበት ሞቷል ብሎ መጣል አይገባም። በ1950 ዓ.ም. (በ1958 እ.ኤ.አ.) በዚያው በጆንስተን ደሴት ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዙሪያ የአጭር ሞገድን ንግግር ለሰዓታት አቋርጦት ነበር፤ የአጭር ሞገድን የሚመልሰው የላይኛው አየር ራሱ ስለ ታወከ ነው። ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ የካሪቢያንን ደሴቶች ሲመታ፣ በዚያው ቀን ከፀሐይ የተነሣ ብርቱ ጨረር የአጭር ሞገዱን አውኮት ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቅርብ ለቅርብ የሚያገናኘውን ከፍተኛ ሞገድ መጠቀምና አየሩ እስኪጠራ በትዕግሥት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከመሣሪያው ይልቅ ሰው

መሣሪያውን ሁሉ አሟልቶ መክፈቻውን የማያውቅ ሰው ግን ምንም አላዘጋጀም። የአሜሪካ አማተሮች ከ1925 ዓ.ም. (ከ1933 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰኔ ወር የሚያደርጉት አንድ ልማድ አላቸው። ራዲዮአቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ይወጡና፣ ድንኳን ተክለው፣ አንቴና በዛፍ ላይ ሰቅለው፣ በባትሪና በጄኔራተር ብቻ ለ24 ሰዓት ያህል ይሠራሉ። ለተመልካች ሽርሽር ይመስላል፤ ነገሩ ግን ልምምድ ነው። በዚያች ሌሊት የተረሳው መሰኪያ፣ ያነሰው ገመድ፣ የደከመው ባትሪ ሁሉ ይታወቃል፤ በእውነተኛው ቀን ግን ያው ስሕተት ነፍስ ያስከፍላል።

አገራችንም በዚህ ነገር ባይተዋር አይደለችም። በዓለም አቀፉ የመገናኛ ደንብ «ኢ ቲ» የሚለው መጠሪያ የኢትዮጵያ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በ5 ኪሎ፣ የቆመው የአማተሮች ማኅበር ጣቢያም «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል ስም በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀ ነው። ደግሞም የኑክሌር ምት ለእኛ የሩቅ ወሬ ቢሆን እንኳ፣ የደጋችን የክረምት መብረቅ በየዓመቱ ደጃችን ላይ ነው። መብረቅ የሚገባው በዚያው በአንቴናና በመብራት ሽቦ ነው፤ የሚከለክለውም በዚያው በመንቀል፣ በአጭር የመሬት ሽቦና በጋዝ ቱቦ ነው። ስለዚህ ለማይመጣ ቀን ተብሎ የተደከመው ድካም፣ ደመና ባንዣበበ ቁጥር ዋጋውን ይከፍላል። ዳመናው ሲያጉረመርም የቴሌቪዥኑን ገመድና ስፒና የምትነቅል የቤት እመቤትም የዚህን ጥበብ ግማሹን ታውቃለች።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የአገራችን ሰው። አንድ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ጥቂት ካርቶን፣ አንድ አሮጌ ግን የሚሠራ ራዲዮ፣ አንድ የተሞላ ባትሪ፤ ይህ ከባድ ወጪ አይደለም። ያ ክፉ ቀን ፈጽሞ ባይመጣ ጣሳው በቁም ሣጥን ሥር አቧራ ይጠጣል፤ ማንም አይጎዳም። የመጣ እንደ ሆነ ግን፣ ከተማው ሁሉ ዝም ባለ ሰዓት፣ ከጣሳው ወጥታ «የሚሰማኝ አለን?» የምትል አንዲት ደካማ ድምፅ ለሕመምተኛው ሐኪምን፣ ለተራበው እህልን፣ ለጠፋው ልጅ እናቱን ልትጠራ ትችላለች። ራዲዮ ያላችሁ አንባቢዎቻችንም ዛሬ ማታ ሥራችሁን ስትጨርሱ ገመዱን መንቀል አትርሱ።